በቅቤ የታሸ ቀርከሃ

ከአሶሳ በወጣሁበት ቀን ዋዜማ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የተቆላ ለውዝ በጨርቅ ይቋጥርልኝ ነበር። ማንም አላለቀሰም። እኛ ሰፋሪዎች ለመንገድ አናለቅስም፤ እንባችንን ወሎ ላይ፣ የጭነት መኪናው ጭኖን ሲነሳ ጨርሰነዋል። ያን ጊዜ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴም አብራን ተጭና ነበር፤ የመጀመሪያውን ክረምት ወባ ወሰዳት። ለአባቴ ለሰይድ የቀረሁለት እንግዲህ እኔ ዘሀራ ብቻ ነኝ፤ እኔም ልሄድበት ነው።

«ይሄ የምትማሪው ምን ነበር ያልሽኝ?» አለኝ፣ ቋጠሮውን በጥርሱ እያጠበቀ።

«ኬሚስትሪ።»

«እሱ ምን ያደርጋል?»

«አንዱን ነገር ወደ ሌላ ነገር መለወጥ ነው አባዬ። እንጨቱን ወረቀት፣ አሸዋውን ብርጭቆ ማድረግ።»

«እህ!» አለ። «የወሎን ገበሬ የአሶሳ ሰፋሪ ያደረጉትም ይህንኑ ተምረው ነው በያ።»

አባቴ እንዲህ ነው። ሲከፋው ይቀልዳል፣ ቀልዱ ካለቀበት ዝም ይላል።

ጎረቤታችን ሐሚድ ማንጎ በጆንያ ይዞ መጣ። ሐሚድ የበርታ ሰው ነው። መንደራችን ከመቆርቆሯ በፊት ጫካው የእነሱ ነበር፤ ይህን አንድ ቀን እንኳ አንስቶብን አያውቅም። እኛ ጤፍ ካልዘራን ብለን ከአፈሩ ጋር ስንጣላ፣ ማሽላውንና ባሚያውን ያሳየን እሱ ነው። ጆንያውን አስቀምጦ ትከሻዬን ይዞ ረጅሙን ሰላምታ ሰጠኝና ወደ አባቴ ዞረ።

«ዘሀራ ጎበዝ ነው» አለው በተሰባበረ አማርኛው። «ይሄዳል፣ ይማራል፣ ይመለሳል፤ ኢንሻአላህ። ሰይድ ብቻው አይሆንም። እኔ አለ፣ ወላሂ።»

ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሰፋሪ ያለ ይለፍ የዳቡስን ድልድይ አያልፍም፤ ወደ ወሎ በእግራቸው ሊጠፉ የሞከሩት ሁሉ የሚያዙት እዚያ ኬላ ላይ ነው። በዚያው ቀን ረፋድ ላይ የሰፈራ ጣቢያችን ኃላፊ ጓድ ተስፋ ቢሮ ገብቼ ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ዩኒቨርሲቲ፣ አዲስ አበባ። ተመድቤ።»

«ሰፋሪ ከጣቢያው አይወጣም። መመሪያ ነው።»

«የመደበኝ መንግሥት ነው፣ ጓድ ተስፋ።»

«እዚህ ያመጣሽስ ማን ሆነና? እሱም መንግሥት ነው። መንግሥት ራሱን ይቃረናል እያልሽኝ ነው?»

«ኧረ እኔ ምንም አላልኩ። እናንተው ተነጋገሩበት።»

አየኝ፤ ልሳቅ ልቆጣ እያለ እስክሪብቶውን አነሳ። «ዓላማ?»

«ኬሚስትሪ።»

«ይሄ ዓላማ አይደለም፣ ትምህርት ነው። ዓላማ!»

«ለወረቀት ፋብሪካው» አልኩት። ፊቱ በራና ፈረመ።

የወረቀት ፋብሪካው ነገር እንዲህ ነው። ከበላይ አካል የመጣ ሰው አንድ ጊዜ ስብሰባ ጠርቶ፣ ይህ ዙሪያችንን የከበበን ቀርከሃ ሀብት መሆኑን፣ አሶሳ ላይ ከቀርከሃ ወረቀት የሚሠራ ፋብሪካ እንደሚቆም ነገረን። አጨበጨብን። ሌላው ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ ረሳው፤ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ የሚቀልድበትም ነበር። አባቴ ግን ያዘው። ልጁ ኬሚስትሪ ተምራ ተመልሳ ፋብሪካው ትገባለች፣ እሱም በስተርጅናው ከልጁ ጋር እራት ይበላል። አገሩን የነጠቀው መንግሥት ቢያንስ ልጁን አይነጥቀውም። እኔም አፕላይድ ኬሚስትሪ የሚሉትን ክፍል የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ብመለስ አባቴ ሰው አለው። ካልተመለስኩ፣ በግድ በተጣለበት አገር ብቻውን ያረጃል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ባምባሲን፣ ከዚያ ዳቡስን አለፍን። ኬላው ላይ ወታደሩ ይለፌን ገልብጦ ያዘና ብዙ አነበበ። እኔም አልነገርኩትም።

አዲስ አበባን ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ እናንተ መንደራችን ውስጥ የቀራችሁ? ብርዱ አጥንት ይገባል። እዚያ ላባችንን እየጠረግን የረገምነውን ሙቀት እዚህ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልዬ ናፈቅኩት። እኛ ጋ ፍየል የሚሰለቸው ማንጎ እዚህ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ፣ ሰው አንድ ፍሬ መርጦ እያሸተተ ይገዛል። ሰላምታቸው ሩጫ ነው፤ «ደህና ነሽ?» ይልሽና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ቆሜ ስመልስ ሰውዬው ሄዷል፤ ግድግዳውን «አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ?» ያልኩበት ቀን አለ።

የየት ነሽ ሲሉኝ «አሶሳ» እላለሁ። «መልክሽ ግን ወሎዬ ነው» ይሉኛል። «ወሎም ነኝ።» «ታዲያ የቱ ነው አገርሽ?» እያሉ ሲያደክሙኝ፣ በኋላ በኋላ «ሁለቱም» ማለት ጀመርኩ። ይህም አላረካቸውም።

ትምህርቱ ከባድ ነበር። የአሶሳ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ አልነበረውም፤ ብልቃጥ የምናውቀው በሥዕል ነው። የመጀመሪያውን ብዩሬት፣ ያን ቀጭን የመለኪያ ብርጭቆ፣ በእጄ የሰበርኩ ቀን የላቦራቶሪው ኃላፊ «ከየት ነው የመጣሽው?» አለኝ። «ከሥዕሉ» አልኩት። ቀስ በቀስ ለመድኩ። አሲድ በጓንት፣ ውሃ በልክ፣ ሙቀት በቴርሞሜትር። ሌሎቹ ልጆች ቢራ ፋብሪካ፣ ስኳር ፋብሪካ፣ ቆዳ ፋብሪካ እያሉ ያልሙ ነበር። የእኔ ፋብሪካ ገና አልተሠራም፤ እየተማርኩ እኔ ነበርኩ የምሠራው።

በመጨረሻው ዓመት ዋዜማ የመመረቂያ ጥናት ርእስ ስንመርጥ የአሶሳን ቀርከሃ አልኩ። አማካሪዬ ጀርመን አገር ተምሮ የመጣ ዶክተር ነው፣ ሲናደድ በጀርመንኛ ራሱን የሚያረጋጋ። ቀርከሃው በኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ ምን ያህል ፐልፕ እንደሚወጣው፣ ማለት ለወረቀት የሚሆነው ነጭ ቃጫ ምን ያህል እንደሆነ ከለካሁ፣ ጥናቱ በቀጥታ ፋብሪካውን ወደሚያቅደው መሥሪያ ቤት እንደሚላክ ነገረኝ። «ጥሩ ከወጣ እዚያው ትቀጠሪያለሽ» አለኝ። የዚያን ቀን ከደስታ ብዛት በብርዱ ውስጥ በእግሬ ተመለስኩ።

ለአባቴ ጻፍኩለት፤ ለሚያነብለት ልጅ ጭምር እንዲገባው አድርጌ። ከጫካው ቀርከሃ ቁረጥና እንደተቆረጠ፣ ጥሬውን፣ ምንም ሳታደርገው ላክልኝ አልኩ። «ጥሬውን» የምትለዋን ከሥሯ አሰመርኩባት።

ክረምቱን ዶርም ስለሚዘጋ ወይዘሮ በላይነሽ የሚባሉ ሴት ግቢ አንዲት ክፍል ይዤ ነበር፤ ኪራዩ ልጆቻቸውን ሒሳብ በማስጠናት ነው።

«አሶሳ?» ብለውኝ ነበር ስገባ። «የሱዳን ናት የእኛ?»

«የእኛ ናት።»

«እንኳን አወቅኩት። ውሃ በባልዲ ነው። መብራት ከዜና በኋላ ይጠፋል። እንግዳ አይገባም።»

«እኔም እንግዳ ነኝ እኮ እትዬ።»

«አንቺ ተከራይ ነሽ። ተከራይ እንግዳ አይደለም፣ አይከበርም» አሉ። ይህን ሲሉ አልሳቁም።

ቀርከሃውን ይዞልኝ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጓድ ተስፋ። ለስብሰባ አዲስ አበባ ተጠርቶ፣ የጨርቅ ጥቅሉን በትከሻው ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። «በየኬላው ምን ይዘሃል እያሉኝ ፈተሹኝ» አለ በምሬት። «ዱላ አልኩ። ለምን? ለትምህርት። አንዱ ወታደር 'የእኛ አስተማሪዎችም በዚሁ ነው ያስተማሩን' አለኝ።»

ወይዘሮ በላይነሽ ከኋላዬ ብቅ አሉ። «ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደሽ የምትማሪው አጥር ነው?»

ጥቅሉን ፈታሁት። እዚያው ቁጭ አልኩ።

ቀርከሃው ጥሬ አልነበረም። አንጓው ሁሉ ተልጎ፣ በእሳት ተለብልቦ፣ ተቃንቶ፣ ቅቤ ጠጥቶ እንደ ማር ቢጫ ሆኖ ያበራል። በወሎ ለክብር ሰው የሚሰጥ ዱላ እንዲህ ነው የሚዘጋጀው። እሳቱ ከበዛ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ አይቃናም፤ ቅቤው በመዳፍ ነው የሚታሸው፣ እንጨቱ እንቢ እስኪል። እያንዳንዱ በትር ተመርጦ፣ እያንዳንዱ ተለክቶ።

«ምነው? ጥሩ አይደለም እንዴ?» አለ ጓድ ተስፋ ደንግጦ። «አባትሽ ስንት ሰሞን ደከመበት መሰለሽ። ቅቤውን ባምባሲ ገበያ ድረስ ሄዶ ነው ያመጣው፤ እኛ መንደር ቅቤ የት አለና። ሐሚድ 'ዘሀራ ጥሬ ነው ያለው' ቢለው ተቆጣው። 'ጥሬ እንጨትማ ለማገዶ ነው። ልጄ በእኔ እጅ የመጣ ብላ በሊቃውንት ፊት የምታቀርበው ነው፤ ጥሬ ልኬ ላዋርዳት?' አለው።»

ለጓድ ተስፋ «በጣም ጥሩ ነው፤ አላህ ይስጥልኝ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

እንደገና ላክልኝ እንዳልል፣ በዚያው ሰሞን የመንግሥትና የአማፂዎቹ ጦርነት ወደ እኛም አቅጣጫ ደርሶ ወደ አሶሳ የሚወስደው የወለጋው መንገድ ተዘጋ። ጓድ ተስፋም ራሱ መመለሻ አጥቶ ለብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ተንከራተተ፤ ይለፍ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር አግኝቼው «ዓላማ?» ብዬዋለሁ።

በሙቅ ውሃ አጠብኩት፣ በጨርቅ ፈተግኩት፣ ላይ ላዩን ብቻ ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ተስፋ በኬሚስትሪ አይሠራም። ትምህርት ሲከፈት ጥቂቱን ከትፌ ከኮስቲክ ሶዳው ጋር ስቀቅለው፣ ድስቱ አረፋ በአረፋ ሆኖ ገነፈለ። ቅባትና ኮስቲክ ሶዳ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቃል።

አማካሪዬ መጥቶ አረፋውን አየ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ሳሙና ነው ዶክተር።»

«ቀርከሃ ቅባት የለውም።»

«አባቴ ቅቤ ቀብቶት ነው።»

በጀርመንኛ የሆነ ነገር አጉተመተመ። «ለምንድን ነው አባትሽ ቀርከሃ ቅቤ የሚቀባው?»

«እርስዎን አክብሮ ነው።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ሌላ አስመጪ።»

«መንገዱ ተዘግቷል።»

«እንግዲያው የተቃጠለውንና ቅቤ የጠጣውን ልጠሽ ጣይው። ከውስጥ የተረፈውን ቅባት በሚያሟሟ ሶልቨንት እጠቢው። የሚበቃ ካገኘሽ እንቀጥላለን። ካላገኘሽ ርእስ ትቀይሪያለሽ፤ የስኳር ጥናት አለኝ።»

ስኳር! ስኳር አሶሳ አይመልሰኝም። ቢላ ይዤ ላቦራቶሪው ጥግ ተቀመጥኩና የአባቴን በትሮች መላጥ ጀመርኩ። ከዚያ በፊትም በኋላም እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ብዙ የደከመበትን፣ ያን ማር የመሰለ ቀለም፣ እየፈቀፈቅኩ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት እጥላለሁ። አንዲቷን እንኳ ላስቀር ብዬ ነበር፤ ሁሉም ተልጦም ለጥናቱ የሚበቃው ለጥቂት ነው፣ አላስቀረሁም። አለቀስኩ። አንዷ የክፍል ጓደኛዬ ኮስቲኩ ዓይኔ የገባ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጣ መጣች፤ እውነቱን ከማስረዳት ታጠብኩላት።

የተረፈውን ነጭ እንጨት ሶክስሌት በሚሉት የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከትቼ በአልኮልና በቤንዚን፣ የመኪናው ሳይሆን የላቦራቶሪው፣ አስጠባሁት፤ ፈሳሹ እየተነነ፣ እየቀዘቀዘ፣ መልሶ እየወረደበት። የብልቃጡ ሥር ቢጫ ሆነ። ፈሳሹ ሲተን የቀረችው ጭላጭ የባምባሲ ቅቤ ነች። ላቦራቶሪ ውስጥ ማሽተት ክልክል ነው፤ አሸተትኩ። ደንቡ ስለሆነም ደፋኋት።

ጥናቱ ተሳካ። አረፋ የለም፣ ፐልፑ ነጭ፣ ቃጫው ረጅም፣ ውጤቱ አማካሪዬ ከጠበቀው በላይ ሆነ። እጄን ጨበጠኝና ወደ መሥሪያ ቤቱ ላከው። ከምርቃት በኋላ ራሴ ተጠርቼ ሄድኩ። አንድ ኃላፊ ወፍራም ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሯቸው አስገቡኝ።

«ጥናትሽን አይቼዋለሁ፤ ግሩም ነው። ከዚህ ቀርከሃ አንደኛ ደረጃ ወረቀት ይወጣል።»

«ፋብሪካው መቼ ይጀመራል ጌታዬ?»

«የትኛው ፋብሪካ?»

«የአሶሳው።»

«እሱማ በሐሳብ ደረጃ ያለ ነው። አሁን ባለው ሁኔታ...» ብለው በመስኮቱ በኩል ወደ ሰሜን ይሁን ወደ ምዕራብ በእጃቸው አሳዩ። ጦርነቱ በሁሉም በኩል ስለነበር ስህተት አልነበረም።

«በስብሰባ ተነግሮን አጨብጭበናል እኮ።»

«ማጨብጨባችሁ ጥሩ ነው» አሉ፣ ከልባቸው ነበር። ከዚያ ሌላ ፋይል ገለጡ። «አንቺ ግን አትቸገሪም። ወሎ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የማቅለሚያ ላቦራቶሪ ተመድበሻል። ዕድለኛ ነሽ፤ አገርሽ አይደለም እንዴ?»

አዎ ልበል፣ አይደለም ልበል? ፈርሜ ወጣሁ።

ለአባቴ በቴሌ ቀጠሮ አስያዝኩ። ከመንደራችን አሶሳ ከተማ ድረስ በእግሩ መጥቶ ጠበቀኝ፤ ሐሚድም አብሮት ነበር፣ ሲያስለው ይሰማኛል። አባቴ ስልክ ላይ ይጮኻል፤ ርቀቱን በጉሮሮው ሊሸፍነው የሚፈልግ ይመስል።

«በትሮቹን ወደዷቸው?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄው።

«ወደዷቸው አባዬ። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ነው ያያቸው።»

«ይገባኛል፤ የሚያውቅ ሰው ነው።»

«አባዬ፣ ፋብሪካው ቀረ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝና «አባዬ?» አልኩ።

«አለሁ። ይሁና። ቀርከሃው እንደሆነ አለ፣ አይሄድም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺስ? የት ጣሉሽ?»

«ወሎ። አገራችን ላኩኝ። ይለፍ እጠይቅልሃለሁ፣ ትመጣለህ፣ አብረን...»

«ማን ቤት ታድሪያለሽ?» አለኝ።

አጎቶቼ በድርቁ ዘመን ተበታትነዋል፤ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ የሚያውቅ የለም።

«ስሚ ዘሀራ። የእኔን መሬት የገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ሰጥቶታል፤ ሰምቻለሁ። ወደ ቀዬው ብትሄጂ የሰይድ ልጅ ነኝ እንዳትዪ። መሬት ልትጠይቅ መጣች ይሉሻል፣ ይጠሉሻል። እንግዳ ነኝ በይ። የአሶሳ ልጅ ነኝ በይ። እንግዳ ይከበራል።» እኔም ወይዘሮ በላይነሽን አሰብኩ፤ አልነገርኩትም። «እኔ ደግሞ አልመጣም። ሰው እንዴት በገዛ ቀዬው እንግዳ ሆኖ ይገባል? እዚህ እንግድነቱን ለምጄዋለሁ።»

ጊዜያችን አለቀ ተብሎ ተቋረጠ።

ይኸው አሁን ወሎ ነኝ። ቀን ቀን ክር አቀልማለሁ፤ ሰማያዊው እንዳይለቅ፣ ቀዩ እንዳይጠቁር እለካለሁ። የተማርኩት ይኸው ነው፣ አልከፋም። አየሩ ይስማማል ይሉኛል፤ እኔን ይበርደኛል። ቀዬአችን ከፋብሪካው ብዙ አይርቅም፤ እስካለፈው ቅዳሜ ግን እግሬ አልደፈረም ነበር።

ቅዳሜ በገበያው ቀን ሄድኩ። ተራራውን አወቅኩት፣ ሰዉን አላወቅኩም። ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ፊት ጎንበስ ብዬ ስመርጥ፣ እጄን ያዙኝና ፊቴን ትኩር ብለው አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ የሰይድ ይማም ምኑ ነሽ?»

አባቴ እንዳለኝ አደረግኩ። «አላውቃቸውም እማማ። እኔ የአሶሳ ልጅ ነኝ።»

እጄን አልለቀቁኝም። «አሶሳ? ሰይድን የወሰዱት እዚያ ነው። በአላህ፣ ስትመለሺ ፈልጊልኝ። ረጅም ሰው ነው፣ ቀልደኛ። ጎረቤትህ አሚናት ናት የላከችኝ በዪው። መሬቱን የሚያርሰው ልጄ ነው። እኛ አልለመንም፣ ሰጡን። ገብስ ባፈራን ጤፍ ባፈራን ቁጥር እሱን እያሰብን ነው የምንበላው። አውፍ በለን በዪልኝ።»

«እሺ እማማ» አልኩ። የሰይድ ልጅ ነኝ ማለት እዚያው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ፈራሁ፣ ደክሞኝም ነበር። ሽንኩርቱን መርቀው ሰጡኝ፤ እንግዳ ነሽ ብለው።

የአሮጊቷን መልእክት ላደርስ ቴሌ ሄጄ ቀጠሮ አስይዣለሁ። አባቴ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሩ ይመጣል፣ ይጮኻል፣ ማን ቤት እንዳደርኩ ይጠይቀኛል። ይቅር ይላቸው ይሆናል፤ እሱ ክፉ ሰው አይደለም። ግን «አንቺስ ማን ነኝ አልሻቸው?» ካለኝ ምን እንደምመልስለት አላውቅም። ቀጠሮው ሐሙስ ነው።